ቮልስ በሰፊ ጎማ? ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጽሑፍ እየተቀባበለ ነው። ርዕሱ «ቮልስህን ከቀጭን ጎማ ገላግላት» ይላል። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ከላኩልኝ ሰዎች አንዳንዶቹ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ሌሎቹ ግን ጎማ ሊገዙ ወጥተው መንገድ ላይ ነበሩ። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በቮልስ መወሰዳቸውን አስታውሶ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ጎማው ይገባል። ቮልስ ቀጭን ጎማ የተሰጣት የድህነት ዘመን መኪና ስለሆነች ነው ይላል። ሰፊ ጎማ መሬት ቆንጥጦ ስለሚይዝ ይደረግላት። ቸርኬዋ 15 ቁጥር እስከሆነ ድረስ 15 የተጻፈበት ጎማ ሁሉ ይገባል፤ ምርጡ ግን 195/50 (ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 50 በመቶ) ነው። የኋላው ብቻ ከተቀየረ የፍጥነት መለኪያው ስለሚዛባ አራቱም አብረው ይቀየሩ። ንፋስ ለአራቱም እኩል 32 ይሁን፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች እንዲያውም ጨመር ይደረግ። ኮብልስቶን ለበዛበት ሰፈር የሚኒባስ ጎማ ይሻላል። በመጨረሻም፣ ያልተነካ የድሮ የጀርመን ጎማ መጋዘን ውስጥ ያገኘ ሰው እንዳያልፈው ይመክራል፤ ጥሩ ጎማ አያረጅምና።

የጽሑፉ ባለቤት መኪናዋን እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አንድ ነገርም በትክክል አይተዋል። የቮልስ ልክ የሆነው 165 አር 15 ጎማ (165 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ለ15 ኢንች ቸርኬ) እንደ ልብ አይገኝም። ውጭ ያለ ዘመድ ካንዴላና የፍሪሲዮን ገመድ ይዞ ይመጣል፣ ጎማ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ብዙ ሰው ያገኘውን ይገጥማል። ችግሩ እውነተኛ ነው። የማልስማማው በመፍትሔው ነው።

ከድህነቱ እንጀምር። ቮልስ ዋጋዋ እንዲቀንስ ብዙ ነገር የተቆጠበባት መኪና ናት፣ ይህን አልክድም። ግን ቀጭኑ ጎማ ከቁጠባ የመጣ ከሆነ፣ ፖርሸን ምን ነካው? ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1952 መገባደጃ ጀምሮ የምታደርገው ጎማ 5.60-15 ነበር፤ የድሮው ልክ ስፋቱን በኢንች ነው የሚናገረው። ራዲያል የሚባለው ዘመናዊ ጎማ ሲመጣ 165 አር 15 ሆነ። ፖርሸ 356ም በእነዚሁ ልኮች ሲሄድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ማምረት የተጀመረው 911 ደግሞ 130 የፈረስ ጉልበት ይዞ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ፣ ከፊትም ከኋላም 165 ነበር የሚያደርገው። ቸርኬውም 4½ ኢንች ብቻ። ጃጓር ኢ-ታይፕ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወጣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ጎማው 6.40-15 ነበር። ዛሬ ተራ የቤት መኪና ከዚያ የሰፋ ጎማ ታደርጋለች። እነዚህን መኪኖች የሠሩ ሰዎች ለጎማ የሚሆን ብር አላጠራቸውም።

ጸሐፊው ራሳቸው «የቮልስ እህት ፖርሸ ሰፊ ጎማ አላት» ይላሉ። አላት። ግን መቼና እንዴት? 911 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጎማውን ማስፋት ሲጀምር ቸርኬውም አብሮ ሰፋ። በዚያው ሰሞን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በ57 ሚሊ ሜትር ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቱርቦው ሲመጣ ፓራፋንጎው ሳይቀር ተነፍቶ ነው ሰፊው ጎማ የገባው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ጎማውን ብቻ መዝዞ ቮልስ ላይ መትከል ምን ይሉታል?

ከፖርሸ ይልቅ የሚቀርብ ማስረጃም አለ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ስፖርት የሚሸት ቮልስ አውጥቶ ነበር። ቢጫና ጥቁር ቀለም ያላት፣ 3,500 ብቻ የተመረተች 1303 ኤስ። ጀርመን ውስጥ «እንዲህ ያለች መኪና ወጣቱን ለፍጥነት ታነሳሳለች» ተብሎ ፓርላማ ድረስ አነጋግራለች። ፓርላማ ያነጋገረችው መኪና ጎማዋ ስንት ነበር? 175/70። ቸርኬዋ ወደ 5½ ኢንች ሰፍቶ፣ የኋላ አክሰሏም አዲሱ ዓይነት ሆኖ ማለት ነው። ጸሐፊው ግን 195ን በአሮጌው ቸርኬና በአሮጌው አክሰል ላይ ግጠሙ እያሉን ነው።

«ሰፊ ጎማ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል» የሚለው ከሩቅ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ጎማ መሬት የሚነካበትን ቦታ መጠን በዋናነት የሚወስኑት ግን የተሸከመው ክብደትና በውስጡ ያለው ንፋስ ናቸው። አንድ የኋላ ጎማ 250 ኪሎ ተሸክሞ ንፋሱ 27 ፒኤስአይ (ጎሚስታው መለኪያ ላይ የሚነበበው የንፋስ ቁጥር) ከሆነ፣ መሬት የሚነካው ቦታ በግምት 130 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማው 165 ሆነ 195 ይህ ቁጥር ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ቀጭኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ሰፊው ወደ ጎን ይሰፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ለከባድና ፈጣን መኪና፣ ወደ ጎን የሰፋው ቅርጽ ይጠቅማል። ይህን እቀበላለሁ። 800 ኪሎ ገደማ ለምትመዝን መኪና፣ በሐምሌ ዝናብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰፊው ጎማ ከፊቱ ብዙ ውሃ ገፍቶ ማስወጣት አለበት፣ ውሃውን የሚያስለቅቅ ክብደት ግን ከላዩ የለም። ቀጭኑ ሰንጥቆ ያልፋል።

አክሰሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ነው። የአብዛኛው አሮጌ ቮልስ የኋላ አክሰል የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ካምቢዮው አጠገብ። ጎማው በኩል መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተጋደመ ነው። የኋላዋ በክሪክ የተነሳ ቮልስ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ተጠጋግተው ይንጠለጠላሉ። ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትታጠፉም የሚመጣው ይኸው ነው። የውጭው ጎማ መሬቱን አጥብቆ በያዘ ቁጥር ኃይሉ በአክሰሉ በኩል የመኪናዋን ጀርባ ወደ ላይ ይገፋል። ጀርባዋ ሲነሳ ጎማው ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፍና በጠርዙ ይቆማል። ቀጭኑ ጎማ እዚህ ሳይደርስ በፊት ቀስ ብሎ መንሸራተት ይጀምራል፣ «ቀንስ» ማለቱ ነው። ሰፊውና ኃይለኛው እስከ መጨረሻው ይይዝና በአንዴ ይለቃል። ጸሐፊው እንደ ጥቅም የቆጠሩት መቆንጠጥ እዚህች መኪና ላይ ጀርባን የሚያነሳ ጉልበት ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ግን የቸርኬው ነው። 15 ቁጥር ቸርኬ ላይ 15 ቁጥር ጎማ ሁሉ ይገባል ተብሏል። መግባትስ ይገባል፣ ጎሚስታው በጉልበትም ቢሆን ያስገባዋል። 15 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ግን የቸርኬውን ዲያሜትር ብቻ ነው። ስለ ስፋቱ ምንም አይልም። የቮልስ ቸርኬ ስፋት 4 ኢንች ነው፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች 4½። ጭቃውን በጨርቅ ጠረግ ካደረጋችሁ ቸርኬው ላይ «4ጄ × 15» የሚል በላቲን ፊደል ታትሞ ታገኙታላችሁ። 165 አር 15 የተሠራው ከ4 እስከ 5½ ኢንች ስፋት ላለው ቸርኬ ነው። 185/65 ቢያንስ 5 ይፈልጋል። 195/65ም ሆነ 195/50 ቢያንስ 5½። ይህ ጎማ አምራቾች የሚመሩበት ደረጃ ነው፣ የእኔ ምርጫ አይደለም።

195 ጎማ 4 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲገባ ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ መሀል ይሰበሰባሉ፣ ጎኖቹ ያብጣሉ፣ መሬት የሚነካው ፊቱ ይጎብጣል። በጠመኔ መሞከር ይቻላል። ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አስምሩና መኪናዋን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ንዷት። ጎማው ልክ ከሆነ፣ ንፋሱም ልክ ከሆነ፣ ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር ይለቃል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ያለው ሰፊ ጎማ ግን መሀሉ ብቻ ለቆ ሁለቱ ዳሮች ላይ ነጩ እንዳለ ይቀራል። የ195 ዋጋ ተከፍሎ የሚነዳው በመሀሉ ነው ማለት ነው። ጥርሱም መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያው መሀሉ ላይ ነው። መሪ ስታዞሩ ደግሞ መጀመሪያ ያበጠው ጎን ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ነው መኪናዋ የምትከተለው።

ወደ ፍጥነት መለኪያው እንለፍ። ጸሐፊው የኋላው ጎማ ከተቀየረ መለኪያው ይዛባል ብለው አራቱንም አስገዙን። በብዙ መኪና መለኪያው ከካምቢዮ ስለሚነሳ ቢያስቡት አይገርምም። ቮልስ ላይ ግን የመለኪያው ገመድ የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው። ያላመነ የግራውን የፊት ጎማ ጌጥ ክዳን ያንሳ። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ የግሪስ ክዳን አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላት። በቀዳዳዋ የገመዱ ጫፍ ብቅ ብሎ በቀጭን መያዣ ተይዟል። የቀኙ ጎማ ይህ የለውም። ጎማው ሲዞር ክዳኗ ትዞራለች፣ እሷም ገመዱን ታዞራለች። ስለዚህ የኋላው ቢቀየር መለኪያው ምንም አይለውም። የፊቱ 195/50 ከሆነ ግን 12 በመቶ ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ በ80 እየሄዳችሁ 90 ይላችኋል። መለኪያውን የሚያበላሸው እንግዲህ ራሱ የእሳቸው ምክር ነው።

ምክንያቱ የጎማው ከፍታ ነው። 165 አር 15 ከመሬት እስከ አናቱ 645 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 195/50 ግን 576 ነው። መኪናዋ 3½ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ቮልስ ሆዷ ከመሬት ያላት ክፍተት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሰፈራችሁን የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ አስቡትና ቀሪውን አስሉት።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ እሰጣለሁ። ትንሽ ጎማ ከኋላ ሲገባ ማርሹ እንደቀለለ ይቆጠራል። ሞተሩ በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ያጣል፣ የ1200ው (1200 ሲሲ ሞተር ያላት ቮልስ) ሙሉ ጉልበት ደግሞ 34 ፈረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ልዩነቱ ይሰማችኋል፣ ትቀላለች። ዕዳው የሚመጣው በአዳማ ፈጣን መንገድ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በልኩ ጎማ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,300 ጊዜ ይዞራል። በ195/50 ወደ 3,700 ይደርሳል። 1200ው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው 3,600 ላይ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር ከዚያ በላይ እያስጮሁ አንድ ሰዓት መንዳት ለእኔ ልብ ይጠይቃል።

አሁን ንፋሱ። «ለአራቱም 32» የሚለው ምክር ከጎማው ስፋት እኩል ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ነፃ ስለሆነ ሁሉም ይሞክረዋል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከክብደቷ 40 በመቶ ገደማ ከፊት፣ 60 በመቶ ገደማ ከኋላ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው መመሪያዋ ለ165 ራዲያል ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ የሚለው። ጎሚስታ ቤት ገብታችሁ «የፊቱን 18 አድርግልኝ» ስትሉ ልጁ ቀና ብሎ ያያችኋል። «ጎማው ይሞታል እኮ!» ይላችኋል። አይሞትም። አንድ የፊት ጎማ የሚሸከመው 160 ኪሎ ገደማ ነው። በ18 መሬት የሚነካው ቦታ ወደ 125 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ32 ወደ 70 ይወርዳል። መሪውና የፊቱ ፍሬን የሚሠሩበት ቦታ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቮልስ በነፋስ ትዋልላለች፣ ዝናብ ላይ መሪ አትሰማም ብለን እናማታለን።

ከፍታው የሚለውም ተገልብጧል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ግፊቱ ያነሰ ነው፣ ይህ ልክ ነው። ነገር ግን የጎሚስታው መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የመመሪያው ቁጥርም በዚሁ መለኪያ የተሰጠ ነው። ስለዚህ እዚህም 18 ያው 18 ነው፣ የሚጨመር ነገር የለም። ከፍታ የሚያሳስበው ስትወርዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ አዋሽ ሲደርስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ 2 ፒኤስአይ ያህል ጎድሎ ይነበባል። ቆላው ሙቀት ይህን መልሶ ይሸፍነዋል። ለማንኛውም ማልዳችሁ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ እዚያው ለኩት።

ስኮርታውንም «ያው 32» ማለታቸው አስቆኛል። በኋለኞቹ የቮልስ ሞዴሎች ላይ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋው በስኮርታው ንፋስ ነው። ከውሃው ዕቃ የወጣ ቀጭን ጎማ ቱቦ ስኮርታው ላይ ተሰክቷል። ለዚህ ሲባል ስኮርታው 42 ይሞላል። ቮልሳችሁ ውሃ አልረጭ ካለች ኤሌክትሪሻን ከመጥራታችሁ በፊት ስኮርታውን ንፋስ አስሞሉት።

የሚኒባሱን ጎማ በተመለከተ፣ ሐሳቡ የመጣው ከቅን ልብ ነው። ኮብልስቶን የጎማ ጎን ይበላል። ነገር ግን 195 አር 15 ሲ የሚባለው የጭነት ጎማ አንዱ ብቻውን ከ900 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ቮልስ በሙሉ ከነነፍሷ 800 ኪሎ ናት! ያን የሚያህል ደረቅ ጎን 160 ኪሎ አያጎብጠውም። ድንጋዩን ጎማው ሳይሆን የፊት ኩሽኔታውና የእናንተ ወገብ ይቀበሉታል። ከፍታው ደግሞ 693 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማርሹ ይከብዳል፤ ከላይ እንጦጦ ላይ ያተረፋችሁትን እዚህ ከነወለዱ ትመልሳላችሁ። 165 አር 15 ጎኑ 13 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ለኮብልስቶን የሚሆን ልስላሴ ድሮውኑ ተሰጥቷታል።

ያላረጀ የድሮ ጎማ የሚባል ነገር የለም። ጎማ ሳይነዳም ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለው። 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። አኃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት ነው፤ ለአበባ መትከያ ይሆናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? 165 አር 15ን ዛሬም ለአሮጌ መኪኖች ብለው የሚሠሩ አሉ፣ ሚሼሊንና ቭሬደስታይን ይገኙበታል። 165/80 አር 15 የተጻፈበትም ያው ነው። ለአንድ መኪና አራት ጎማ ማስመጣት ይከብዳል፣ ብዙ ሰው ሆኖ ማዘዝ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሰፋ ያለ ጎማ የግድ ያለ ሰው ደግሞ ከቸርኬው ይጀምር። 5½ ኢንች ቸርኬ ያግኝ። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ገደማ ያለው ቮልስ በአምስት ቡሎን፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በአራት ቡሎን ስለሚታሰር ከመክፈሉ በፊት ይቁጠር። ከዚያ 175/70 ወይም ኮሮላ ላይ የሚታየው 195/65 ይታሰብ፤ የ195/65 ከፍታ 634 ስለሆነ ከልኩ ብዙም አይርቅም። ከገጠመ በኋላ የኋላ ወንበር ላይ ወፈር ያሉ ሁለት ሰዎች አስቀምጦ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር መፋጨት አለመፋጨቱን ይይ። የፊትና የኋላ ንፋስ ልዩነትም እንዳለ ይቆይ።

ጸሐፊው የሚነዷት ቮልስ ቸርኬዋ 5½ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፋቸው ላይ ቢጨምሩት ከክርክራችን ግማሹ ይቀራል። 4 ከሆነ ግን በጠመኔው ይሞክሩትና ያዩትን ይጻፉልን።